ወገን ያልጠራው ደብዳቤ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ሆኖም ድምፄ ከጎረነነበት ጊዜ ጀምሮ፣ በቅዳሴ ላይ ስለ መንገደኞች ጸሎት ሲደርስ፣ በባሕርና በወንዝ ስለሚጓዙትም ስጸልይ ኖሬአለሁ። የተወለድሁትም ያረጀሁትም በቆቦ ቆላ ነው። ስለ ድውያን የሚጸለየው ይገባኛል፤ ስለ ዝናም የሚጸለየው እስከ አጥንቴ ድረስ ይገባኛል፤ ስለ ባሕር መንገደኞች የሚጸለየውን ግን አባቶቼ ስላሉት ብቻ እለው ነበር። ነገሩ ወደ ልቤ የገባው ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ የመንደራችን አደራ በመርከብ ላይ እንዳለ በታገደበት ዓመት ነው።

መንደራችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ከሚወስደው ዋና መንገድ በስተምሥራቅ፣ ለእግረኛ አንድ ሰዓት ያህል ገባ ብሎ ከሜዳው ላይ ነው። መሬቱ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ውኃ ካገኘ የማያበቅለው የለም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፍን ማሽላ እንዘራለን፤ ጎርፉ ካልወረደ ልፋታችን መሬት ላይ ይቀራል። በዚያ ዘመን ክረምቱ ተከታትሎ ከዳን። ሴቶቻችን ውኃ ለመቅዳት ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ይመለሱ ነበር። ከብቶቻቸውን ወደ አፋር ጠረፍ ነድተው የሄዱ ቤተሰቦችም ነበሩ፤ ከሄዱት የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው።

በመጨረሻ ከመንደሩ ዳር በመኪና ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረልን። ውኃ እንዳለ ታወቀ። ቆፋሪዎቹም አፉን በብረት ክዳን ዘግተው፣ ውኃውን የሚስበውን ሞተርና ፓምፕ እናንተ አምጡ ብለውን ሄዱ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ካለው ላይ አዋጥቶ ነገሩን ለአንድ ሰው በአደራ ሰጠ። እርሳቸውም ሐጂ ነበሩ፤ አጥራችን አንድ የሆነ ጎረቤቴ፣ በቆቦ ገበያ ጨውና ቅቤ የሚነግዱ፣ ቃል ከሰጡ የማያጥፉ ሰው። አዲስ አበባ ባለ አንድ አስመጪ በኩል ሞተሩን ከነፓምፑ ከውጭ አገር አዘዙ፤ የበጋው ሐሩር ሳይከፋ እንደሚደርስም ለመንደሩ ቃል ገቡ። ከብቶቻቸውን ሊነዱ የተሰናዱ ሰዎች በዚያ ቃል ተማምነው ቀሩ። ሞተሩ ከመርከብ ሳይወርድ በሰሜን በኩል ከጎረቤት አገር ጋር ጦርነት ተነሣ።

ጦርነቱ ለእኛ መጀመሪያ የታየን በመንገዱ ላይ ነው። ወታደር የጫኑ መኪኖች ተከታትለው ወደ ሰሜን ሲያልፉ፣ የቆቦ ሕዝብ ቆሎና ውኃ እያቀበለ ይሸኛቸው ነበር። ከእነዚያ መኪኖች በአንዱ ላይ የእኔ የመጨረሻ ልጅ ነበረ። እርሱ ከሄደ ወዲህ፣ ጠዋት ኪዳን ካደረስሁ በኋላ ለብቻዬ ወደ ኋላ ቀርቼ ስለ እርሱ እቆም ነበር። በዚያን ጊዜ በሌላኛው ወገን ላይ እንዲወርድ የለመንሁትን ሁሉ ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ መጻፍ ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ ከቆቦ ስልክ ቤት በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ልማዳቸው ከአጥሩ ማዶ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ፈቃድ ጠይቀው መግባት ነበር፤ ያን ዕለት ምንም ሳይሉ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። አስመጪው በስልክ የነገራቸውን እንደሰሙት አወሩልኝ። ሞተሩን የጫነው መርከብ የእኛም የእነርሱም ያልሆነ የሦስተኛ አገር ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ዕቃ ሊያራግፍ በሌላኛው ወገን ወደብ ቆሞ ነበር። የወደቡ ሹማምንት፣ ወደ እኛ አገር የሚሄድ ዕቃ አይወርድም፣ ተጭኖም አይወጣም ብለው መርከቡን ከነጭነቱ አገዱት። የመርከቡ አገር መንግሥት ደግሞ፣ እኛ ከማንኛችሁም ጋር አልተጣላንም፣ የነጋዴ መርከባችንን ልቀቁልን እያለ በኤምባሲው በኩል እየተነጋገረ ነው። የተገኘውም መላ ዕቃው አንድ በአንድ ተለይቶ፣ ለጦርነት የማይውለው ከመርከቡ ጋር ወደ ጂቡቲ እንዲያልፍ ነው። ለዚህም ባለዕቃው ሁሉ ዕቃው ምን እንደሆነና ለምን እንደሚውል በጽሑፍ ያስረዳ ተብሏል።

«ሞተር ደግሞ መጥፎ ዕቃ ነው፣ የኔታ» አሉኝ። «ውኃም ይስባል፤ ለጦር ሰፈር መብራትም ያበራል። ጨው ቢሆን ኖሮ ማን ይጠረጥረው ነበር?»

ደብዳቤውን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። በአገራችን አቤቱታ የሚያጽፍ ሰው ወደ እኔ ይመጣ ስለ ነበር ነገሩ አላስደነቀኝም፤ እንዲያውም ውስጤን ደስ አለው። እኔ በተማርሁበት ቤት፣ ወደ ታላቅ ሰው የሚጽፍ ሰው ከችግሩ አይጀምርም። አስቀድሞ ሰላምታ ያቀርባል፣ ቀጥሎ ያከብራል፣ ቀጥሎ ያወድሳል፤ ልመናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ተቀምጬ ጻፍሁት። የመርከቡን ባለቤት የእውነት ወዳጅ፣ ከግፈኛ ጋር ያልተባበረ፣ ከእኛ ከተበደልነው ጎን የቆመ አልሁት። የሌላኛውን ወገን በደል በሚገባ ዘረዘርሁ። ማሳረጊያውንም በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሚሰርቅና የሚፍቅ እንደሚገዘተው አድርጌ፣ ይህን ሞተር ያገደና ያሳገደ የተገዘተ ይሁን ብዬ ዘጋሁ። ከግርጌው የደብሩን ማኅተም አስመታሁበት። ሳነብላቸው ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ይህን ሰምቶ የማይራራ ድንጋይ መሆን አለበት አሉ።

ደብዳቤውን ይዘን አብረን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወጣን። አስመጪው ወደ መርከቡ ወኪል ቢሮ ላከን። ወኪሏ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ቁምነገረኛ ሴት ናት። ደብዳቤውን ተቀብላ ዝም ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ከመጨረሻው ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች።

«አባቴ፣ ይህ የተገዘተ ይሁን የሚሉት ማንን ነው?»

«ሞተሩን የሚያግደውን ነዋ።»

«የሚያግደው እኮ ነው የሚያነበው።»

ሐጂ ሳል መጣባቸው። ሳቅ እንደሆነ አውቄአለሁ።

ሴትዮዋ በትዕግሥት አስረዳችን። ደብዳቤው ከትርጉሙ ጋር ዋናው ራሱ በኤምባሲው በኩል ወደ ወደቡ ይሄዳል። የወደቡ ሹማምንት ያነቡታል፤ ፊደሉም የእኛው ፊደል ነው፣ አማርኛም ያውቃሉና ትርጉም እንኳ አያስፈልጋቸውም። መርከቡ ይለቀቅ ብሎ ለመከራከር የሚቻለው የማንም ወገን ስላልሆነ ብቻ ነው። ዛሬ ከባለዕቃዎቹ አንዱ መርከቡ ከጎናችን ቆሟል ብሎ ቢጽፍ፣ ያ ወረቀት በመርከቡ ላይ ምስክር ይሆናል፤ የእኛ ብቻ ሳይሆን የሌሎች ነጋዴዎችም ዕቃ አብሮ ይያዛል።

«ባመሰገኑት ቁጥር ይታሰራል» አለችኝ።

እኔም ተቆጣሁ። የተበደልነው እኛ መሆናችን እውነት አይደለም ወይ፣ እውነትን መጻፍ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው አልኋት። አልተከራከረችኝም። እውነት ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን በዚያ እውነት ሞተሩ እንደማይወጣ ነገረችኝ። ኤምባሲው የባለዕቃዎቹን ዝርዝር የሚዘጋው በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው፤ እስከዚያ ሌላ ደብዳቤ ካመጣን ታያይዘዋለች፤ ካላመጣን ሞተሩ በወደቡ ከሚቀረው ጋር ይቈጠራል። የደብሩ ማኅተምም ይቅር አለች። ውኃው የመንደሩ ከሆነ የመንደሩ ሰዎች ይፈርሙ።

ወጥተን ከሕንጻው ፊት ለፊት ባለ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። የከተማው መኪና በፊታችን ያልፋል። በኋላ እኔ፣ ይህን ልጽፈው አልችልም አልኋቸው። ልጄ በምሽግ ውስጥ እያለ፣ ልጄን የሚተኩሱበትን ሰዎች በክፉ ሳልጠራ፣ በመካከል እንደ ቆመ ባዕድ ሆኜ እንዴት አድርጌ ልጻፍ? ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ አልኋቸው።

ሐጂ ስለ አባታቸው ማውራት ጀመሩ። አባታቸው በራያና በአፋር መካከል ደም በነበረበት ዘመን በግመል ጨው ያመላልሱ ነበር። በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሳያወጉ መተላለፍ ነውር ነው፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በየተራ ይነጋገራሉ፤ ይህንንም ዳጉ ይሉታል። ስለዚህ ነጋዴው ዝም ሊል አይችልም፤ ዝም ካለ ሰላይ ነው። መዋሸትም አይችልም፤ በሚቀጥለው ጉዞው ይደረስበታል። አባታቸው የዝናሙን፣ የሣሩን፣ የውኃውን፣ የገበያውን ነገር ጥቃቅኑን ሳይቀር ይናገሩ ነበር። ማን ማንን ገደለ፣ ማንስ ጀመረ ተብለው ሲጠየቁ ግን፣ እኔ የግመሎቼን እግር እያየሁ ነው የመጣሁት ይላሉ። ጠያቂዎቹም እንደሚያውቁ ያውቃሉ፤ ነገር ግን አያስገድዷቸውም። ወደ ራያ ሲመለሱም የሚናገሩት ይህንኑ ነው። በሁለቱም በኩል ጨው ያልተቋረጠው በዚህ ነበር።

«አጎቴ በዚያ ጠብ ነው የተገደለ» አሉኝ ሐጂ። «የአባቴ ታናሽ። በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ግመሉን ጭኖ ወረደ። ገዳዮቹ መንደር አደረ፤ ስለ ሣር አወራቸው።»

የሚናገሩት ገና አላለቀም ነበር።

«ልጅዎን ከልብዎ አውጡት አላልሁም፣ የኔታ። ከወረቀቱ ላይ ብቻ ያውጡት።»

ተመልሰን ገባን። ሴትዮዋ ከቢሮዋ ጥግ ጠረጴዛ ሰጠችኝ። የዕድሜዬን ያህል ጽፌ ስኖር እንደዚያ ቀን እጄ የከበደኝ ጊዜ የለም። ሰላምታውን በአንድ መስመር ጨረስሁ። ሴቶቻችን የሚወጡበትን ሰዓትና የሚመለሱበትን ሰዓት ጻፍሁ። በመንገዱ ላይ የሚያርፉባትን የግራር ጥላ ጻፍሁ። አህያዋ ስንት እንስራ እንደምትችል፣ ፍየሎቹ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚጠጡ፣ ለመስጊዱ የውዱእ መታጠቢያና ለቤተ ክርስቲያኑ መቀደሻ የሚሆነው ውኃ ከአንድ ሩቅ ወንዝ እንደሚቀዳ ጻፍሁ። የተቆፈረውን ጉድጓድና የተዘጋበትን ክዳን ጻፍሁ። ወደ አገራችን ልል ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ወደ መንደራችን አልሁ። አንድ ጊዜ ጠላት የሚለው ቃል በብዕሬ ጫፍ መጥቶ ቆመ፤ ጥቂት ጠብቄ ብዕሬን ወደ ቀለሙ መለስሁት። ከመጨረሻው ላይ፣ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር በሰላም ቀን መጥቶ ከውኃው ይጠጣ የምትል አንዲት ቃል ከራሴ ጨመርሁ። የክህነት ማዕረጌን ተውሁት፤ እርሳቸውም ሐጂ መባልን ተዉት። ሁለት ገበሬዎች ሆነን ፈረምን።

ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻዋን ቃል በጣቷ ነክታ ቆየች፤ ታስወጣዋለች ብዬ ስጠብቅ ተወቻት።

«አሁን ውኃ ጠማኝ» አለችና ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አያያዘችው።

ወደ አገራችን ተመልሰን መጠበቅ ያዝን። ጎርፉ በዚያም ክረምት አልበረታም ነበር፤ የተዘራው ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ሰዎች እንደገና ከብት ስለ መንዳት ማውራት ጀመሩ። ሐጂ በየቤቱ እየዞሩ ጥቂት እንዲታገሡ ይለምኑ ነበር። አንዲት ምላሷ የሰላ ሴት በመንገድ አስቁማቸው፣ «ሐጂ፣ እስከዚያው ክዳኑን እንላሰው?» አለቻቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ያን ቀን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ዋሉ። ቃላቸውን አምነው የቀሩት ሰዎች ከብት ሲያልቅ፣ የሚጠየቁት እርሳቸው እንደሆኑ ያውቁ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር እያሰብሁ ከእርሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን ለመተያየት እፈራ ነበር።

በታኅሣሥ መርከቡ እንደ ተለቀቀ ተሰማ። ሁሉም ዕቃ አልተለቀቀም፤ ለጦርነት ይውላል የተባለው በዚያው ቀርቷል። የእኛ ነገር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ የሚነግረን ሳይገኝ ስድስት ቀን አለፈ። በሰባተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ፤ ሞተሩ ጂቡቲ ወርዷል። ከዚያም በሚሌና በወልድያ በኩል በጭነት መኪና ተጭኖ ጎብዬን አልፎ ቆቦ ገባ። ከቆቦ እስከ መንደራችን ድረስ ሕዝቡ በሁለት በኩል አጅቦት መጣ።

ሞተሩ በትልቅ የጣውላ ሳጥን ውስጥ ነበር። በሳጥኑ ላይ የማናውቀው የባሕር ማዶ ጽሑፍና ማኅተም ሞልቶበታል። ሲያወርዱት ግን በአንደኛው ጎን በጥቁር ቀለም፣ በብሩሽ፣ በእኛው ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አየሁ፤ «ናይ ማይ እዩ፤ ይሕለፍ» ይላል። ለራያ ሰው ትግርኛ ማስተርጐም አያስፈልገውም። የውኃ ነው፤ ይለፍ ማለቱ ነው። የፊደሉ አጣጣል የቢሮ ሰው አጣጣል አይደለም፤ ራስና እግሩ የተጠበቀ፣ በመቃ ብዕር የተለማመደ ሰው እጅ ነው። ምናልባት እንደ እኔው ከአንድ የኔታ እግር ሥር የተቀመጠ ሰው ይሆናል። ምናልባት እርሱም በዚያኛው ምሽግ ውስጥ ልጅ ይኖረው ይሆናል። በማግሥቱ ጠዋት ከኪዳን በኋላ ለብቻዬ በቆምሁ ጊዜ፣ ለዚያ ሰው መጸለይ ፈልጌ ተቸገርሁ። ሰው በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው፤ የእርሱን አላውቅም። የጻፈውን ብዬ አሰብሁት። ከዚያ ወዲህ በዚያች ሰዓት የምለምነው ልመና እንደ ድሮው ሊሆንልኝ አልቻለም።

የሳጥኑን ጣውላ ለሞተሩ ቤት በር ልናደርገው ስንነሣ የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ተቃወመ። በጦርነት ጊዜ የጠላት ጽሑፍ በሕዝብ ቤት ላይ አይለጠፍም፣ ይፋቅ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ነው። ሐጂ መዶሻቸውን እንደ ያዙ ዘወር ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ፊደሉን ያስቆጠሩህ የኔታ አይደሉም? የትኛውን ፊደል ነው የምንፍቀው?»

ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያም ተስማማን፤ በሩ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጎ ይመታ፣ ሞተር ሊያስነሣ የገባ ሰው ብቻ ይየው ተባለ። እንደዚሁም ተደረገ።

ሞተሩ የተነሣው በአንድ ሞቃት ቀትር ነው። መጀመሪያ ደም የመሰለ ጭቃ ተፋ፤ ቆይቶ ጠራ። ሕዝቡ በእንስራው፣ በጀሪካኑ፣ በመዳፉም ተሻማበት። ከብቶቹን ማገድ አልተቻለም። በዚያ ሁሉ መካከል ያልጠጣን ሁለት ሰዎች እኔና ሐጂ ነበርን። በዚያ ዓመት የእኛ የነቢያት ጾምና የእነርሱ ረመዳን ገጥመው ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እርሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው።

ከአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናይ፣ «አንቱ ቀድመው ይቀምሱታል» አሉኝ። «ጨው ጨው ካለ እንዳይደብቁኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አንዲት ሴት በቅል ቀድታ አመጣችልኝ። ተቀብዬ ከጎኔ አስቀመጥሁት። ሐጂ አንዴ ቅሉን፣ አንዴ እኔን አዩ። ፀሐዩ ከተራራው ጀርባ እስኪገባ ድረስ ስለ መጪው ዘር፣ ስለ ቦዩ አቀያየስ፣ ሽንኩርት በየትኛው ማሳ እንደሚሆን ስንነጋገር ቆየን። አዛን ተሰማ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ቅሉን አነሡና ግማሹን ጠጡ፤ የቀረውን እኔ አማትቤ ጠጣሁት። ጥቂት ጨው ጨው ይላል።